የዱካሞ ሁለት ቅጾች

ዱካሞ ልጁን ከአልጋ ለማንሳት ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ ጀርባውን የሚያስደግፍበት ግድግዳ፣ የሚይዘው የብረት ዘንግና የልጁ ግራ እጅ። ግድግዳው ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ዘንጉን ራሱ በብሎን ያሰረው ስለሆነ ያምነዋል። የልጁ የፅናት ግራ እጅ ግን እንደ ጠዋቱ ስሜቷ ነው። ደስ ካላት አንገቱን አጥብቃ ትይዝና በዙሉ ትቆጥርለታለች። "ኩኜ፣ ኩቢሊ፣ ኩታቱ!" ሦስት ሲባል አብረው ይነሳሉ። ካላሰኛት ሁለት ላይ ታቆምና ትስቃለች። እሱም እየሳቀ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ሦስትን ሲጠብቅ ይቆያል።

ፅናት አሥር ዓመቷ ነው። ስትወለድ ምጡ ረዝሞ አየር አጥሯት ነበር። እግሮቿ ድርቅ ያሉ ናቸው፤ ቀኝ እጇም ደረቷ ላይ እንደታጠፈ ይውላል። ንግግሯን የሚሰማ ሰው ጥቂት ነው፤ ቃሉ ከአፏ እስኪወጣ ትዕግሥት ይጠይቃል። የታገሠ ግን አማርኛም፣ ሐዲይኛም፣ ዙሉም ይሰማል። ከሦስቱ ዙሉው ይቀላታል። ያደገችው ዳቬይተን በሚባል ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሉት የአባቷ ትንሽ ሱቅ ውስጥ፣ ዳቦና ሻማ ሊገዛ የመጣው ሁሉ በመስኮቱ አጎንብሶ ሲያጫውታት ነው። እናቷ ኤርጎጌ ልጅቷ ሦስት ዓመት ሲሞላት በሳንባ ሕመም ሞታለች።

ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት አንድ ቀን ጠዋት፣ የበቆሎ ዱቄት የጫነች ባኪ የሚሏት ትንሽ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ስትመጣ ዱካሞን ከገዛ ሱቁ ግድግዳ ጋር አጣበቀችው። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። የመኪናዋ ሾፌር ሆስፒታል ድረስ መጥቶ አለቀሰ፤ ዱካሞም አልጋው ላይ ተኝቶ አጽናናው። ሱቁን ሸሪኩ ወሰደው። የቤተ ክርስቲያኑ ወንድሞች ደግሞ በዚህ አገር ለተጎዳ ሰው የሚደረገውን አደረጉለት፤ አዋጡና የአውሮፕላን ቲኬት ይዘው መጡ። ሥራ ያቃተው ሰው ጸሎት ተደርጎለት ወደ አገሩ ይሸኛል። ልማዱ ይህ ነው፤ በክፋት የሚያደርገው የለም።

"ሆሳዕና ያለችው እናቴ ራሷ በምርኩዝ ነው የምትሄደው" አላቸው ዱካሞ። "ሁለት የሚታዘል ሰው ይዤባት ልግባ?"

ቲኬቱን መለሰ። ከዚያ ዮቪል ሰፈር ውስጥ ምድር ቤት ያለች አንዲት ክፍል ተከራየ። ሰው ሱቅ ባንኮኒ ጠባቂ ሆኖ ነበር፤ ሲቆም የተቆረጠው ቦታ እየቆሰለበት በሁለተኛው ወር ተወ።

ጎረቤቱ የሻሽወርቅ የአዲስ አበባ ሰው ናት። ከግድግዳው ማዶ ትንሽ ምግብ ቤት አላት፤ ድምፅዋ ግን ትልቅ ነው። በየቀኑ የምትለው ነገር አንድ ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ የስደተኛ ስታተስ ወረቀትህ በእጅህ ነው። እንዲህ ላለች ልጅ መንግሥት በየወሩ የድጎማ ገንዘብ፣ ግራንት፣ ይሰጣል፤ ላንተም ለራስህ አለ። ምንድነው የምትጠብቀው?"

"አስገባለሁ፣ እትዬ።"

"ባለፈው ወርም ያልከኝ ይሄንኑ ነው።"

ቅጾቹ ቤቱ ውስጥ ነበሩ። ሁለቱንም ከግራንት ቢሮ አምጥቶ፣ ፍራሹ ሥር አስተኝቶ፣ አራት ወር ተኝቶባቸዋል። አንዱ የማያቋርጥ ክብካቤ ለሚያስፈልገው ልጅ ነው። ሌላው በአካል ጉዳት ምክንያት መሥራት ለማይችል አዋቂ ሰው። ሁለቱን ለየብቻ ሲያነባቸው አንዳቸውም አያስፈሩም። ጎን ለጎን ሲያስቀምጣቸው ግን መልሶ ፍራሹ ሥር ይከታቸው ነበር።

ፍርሃቱን ለመረዳት እኛ ስደተኞች ወረቀት የተማርንበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ የመጣ ሰው ሁሉ ከቋንቋው በፊት የሚማረው አንድ ነገር አለ፤ ቃልህን አትለዋውጥ። በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ያልከውን በሁለተኛውም በሦስተኛውም ያንኑ በል። ዱካሞ ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። ከአገሩ የወጣው በጥቅምት ነበር። አንዱ አስተርጓሚ ጥቅምትን ኦክቶበር አለው፣ ከዓመት በኋላ ሌላው ኖቬምበር አለው። ጥቅምት ሁለቱንም ወር ስለሚነካ እንደ ቀኑ ሁለቱም ልክ ናቸው። ፋይሉ ላይ ግን "ቃሉ ይጋጫል" ተብሎ ተጻፈ፤ ያንን ለማስተካከል አምስት ዓመት ፈጀበት።

ያኔ ይግባኙን የጻፈለት ሀቢሶ ነበር። ሀቢሶ ጠበቃ አይደለም። ሮኪ ጎዳና ላይ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ የፕላስቲክ ወንበር አለው፤ እዚያ ተቀምጦ ሃያ ዓመት የሰው ኬዝ ጽፏል። ዱካሞ በመጨረሻ ቅጾቹን ይዞ፣ ፅናትን በተሽከርካሪ ወንበሯ እየገፋ፣ ወደ እሱ ሄደ። ወንበሯን መግፋት ደስ ይለዋል፤ ክራንች የሚተካ ድጋፍ ነው።

ሀቢሶ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። "አንደኛው ምን ይላል?"

"ልጅቷን ቀንና ሌሊት የምንከባከባት እኔ ነኝ ይላል፣ ጋሽ ሀቢሶ።"

"ጎሽ። ሁለተኛውስ?"

"ሰውነቴ ተጎድቷል፣ መሥራት አልችልም ይላል።"

"አሁን አንድ ሹም ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያንብብ። 'መሥራት ካቃተው ይህችን ልጅ በምን አቅሙ ያነሳታል? ካነሳት ደግሞ ምኑ ነው የተጎዳው?' አይልም?"

"ይላል። እኔም የፈራሁት እሱን ነው።"

"ውሸታም ነህ ቢልህ ይሻላል፤ ተቆጥቶ ይመልስሃል። ያመነህ ዕለት ነው ጉዱ። 'እውነትም አቅም የለውም' ይልና ልጅቷን እንዲህ ያሉ ልጆች የሚያድሩበት ቤት ይወስዳታል። ኮምፒዩተሩ እንደሆነ አንድ ነው፤ ሁሉንም ያያል። ስለዚህ ምረጥ።"

ዱካሞ ብዙ አላሰበም። "የእሷን" አለ።

"እንግዲህ አንተ ደህና ሰው ነህ። ክራንች የለም፣ አመመኝ የለም። ሰው ሠራሹን እግር አድርግ፤ ሱሪህን አስረዝም። እሷ ደግሞ..." ሀቢሶ ወደ ፅናት ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግራ እጇ እንደሚሠራ ማንም አይወቅ። ምንም አትችልም ነው የምትለው።"

ፅናት አፏን ከፈተች። ቃሉ እስኪመጣ ሁለቱም ጠበቁ።

"እኔ... ማንኪያ... እይዛለሁ።"

"አውቃለሁ፣ የኔ እመቤት" አለ ሀቢሶ። "ለአንድ ቀን ብቻ አትያዢ።"

"ለምን?"

ሀቢሶ መነጽሩን አውርዶ ቅጹን መሙላት ጀመረ። ዱካሞም የመንገዱን ሰው አየ። ያቺን ማንኪያ እንድትይዝ ለማስተማር አንድ ክረምት ሙሉ ገንፎ ከግድግዳ ሲጠርግ ከርሟል።

ሁለት ሳምንት ሰው ሠራሹን እግር አጥልቆ ኮሪደሩ ላይ ተመላለሰ። ሆስፒታል ከሰጡት ጀምሮ ብዙም አልተጠቀመበትም፤ ይፍቀዋል፣ ጉልበቱም ሳይታሰብ ይታጠፋል። ሁለት ካልሲ ደራረበበት። የሻሽወርቅ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

"ልታገባ ነው እንዴ? ሳትነግረኝ?"

"የልጅቷን ቅጽ ለሚያየው ሐኪም ነው። ደህና መምሰል አለብኝ።"

"የሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ ደህና የሚመስል ሰው ዛሬ ገና አየሁ!"

ቀጠሮው ማክሰኞ ነበር። የታክሲው ሾፌር ለተሽከርካሪ ወንበሩ የአንድ ሰው ሒሳብ ጠየቀ፤ ፅናት በዙሉ አንድ ነገር ስትለው ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀና ሾፌሩ ተወው። ዱካሞ ምን እንዳለችው ቢጠይቃት አልነገረችውም። ክሊኒኩ ደርሰው ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቁ። ካልሲው መርጠብ ሲጀምር ተሰማው፤ ደም ይሁን ላብ አላወቀም።

ዶክተሯ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ከእሱ በዕድሜ የምታንስ ሴት ነበረች። እየጻፈች ቀና አለች።

"ባባ፣ ያነክሳሉ። እግርዎን ምን ሆነው ነው?"

"ኳስ ስጫወት ወለም ብሎኝ ነው።"

"ልጅቷን የሚያነሳት ማን ነው?"

"እኔ ነኝ። ጤነኛ ነኝ፤ ምንም የለብኝም።"

"ጥሩ። እስቲ አልጋው ላይ ያውጡልኝ።"

ዱካሞ አልጋውን አየ። ከግድግዳ ርቆ ክፍሉ መሀል ላይ ነው የቆመው። የሚያዝ ዘንግም የለም። ጎንበስ ብሎ እጆቹን ከፅናት ብብት ሥር አስገባ።

"ያዥኝ" አላት በሐዲይኛ፣ ሐኪሟ እንዳትሰማ ቀስ ብሎ። "ቁጠሪ።"

"እጄ... አይሠራም" አለችው። "ተብሏል።"

እጇንም ዘርግታ ለቀቀችው። የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። ዱካሞ ብቻውን ሊያነሳት ሞከረ፤ ግማሽ ደረሰ፤ ጉልበቱ ታጠፈ። ልጅቷን ወንበሯ ላይ መልሶ ለመጣል ብቻ ጊዜ አገኘ። እሱ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሱሪው ወደ ላይ ተሰብስቦ ብረቱ ታየ።

ዶክተሯ ተነሥታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ዝቅ ያለውን በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ባባ፣ ኳሱ ብረት ነበር እንዴ?"

የመለሰችው ፅናት ናት፤ በዙሉ፣ እያረፈች። ዶክተሯ እስክትጨርስ አላቋረጠቻትም። አባቴ አንድ እግር ነው ያለው አለች። ጠዋት እኔ ነኝ የምቆጥርለት። ዛሬ ግን እጅሽ አይሠራም አሉኝ። ይሠራል።

"ይህን ሁሉ ለምን ደበቁኝ?" አለች ዶክተሯ።

ዱካሞ ወለሉን እያየ ተናገረ። "አልችልም ብዬ ከጻፍኩ ትወስዷታላችሁ። ግራንቱ ይቅርብኝ። ልጄን አይውሰዱብኝ።"

"ይህን ማን ነገረዎት?"

"ሁሉም ሰው ያውቀዋል።"

ዶክተሯ የልጅቷን ቅጽ ከጠረጴዛው አንሥታ ጉልበቷ ላይ አደረገች። "ይኸው። ይሄ ወረቀት የሚጠይቀው ስለ እሷ ነው። ክብካቤ ያስፈልጋታል ወይ? ያስፈልጋታል። ስለ እርስዎ ሌላ ወረቀት አለ። እሱ ደግሞ ሥራ ሠርቶ መኖር ይችላል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። አባት መሆን ይችላል ወይ የሚል መስመር እኔ አላየሁበትም።"

"ሁለቱ ቃል አይጋጭም?"

"እርስዎ ዛሬ ጠዋት አንስተዋት ነው የመጡት?"

"አዎ።"

"እግርዎስ ተቆርጧል?"

"ተቆርጧል።"

"እንግዲህ ምኑ ነው የሚጋጨው?"

ለእሷ እንዲህ ቀላል ነበር። እሱ ግን አምስት ዓመት በአንድ ወር ስም የተመላለሰ ሰው ነው፤ ፍርሃቱ በአንድ ቀን አይለቀውም።

"አልዋሽዎትም" አለች ዶክተሯ። "የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ቤት መጥታ ታያለች። ምን እንደምትጽፍ እኔ አላዝላትም። ግን እንደዛሬው ደህና ነኝ ካሏት፣ ምን እንደሚያስፈልጋችሁ በምን ታውቃለች?"

ፅናትን ሁለቱ አንስተው አልጋው ላይ አወጧት። ዶክተሯ ብዕሯን ለግራ እጇ ሰጠቻት፤ ልጅቷ ይዛ አልመልስም አለች። ቅጹ ላይ ማንኪያ እንደምትይዝ ተጻፈ።

"ይህ ከተጻፈ አይከለክሉንም?" አለ ዱካሞ።

"ማንኪያ የያዘ ሰው ከአልጋው ይወርዳል ማለት አይደለም።"

ከመሄዳቸው በፊት ስለ እሱ የሚሞላውንም ቅጽ አወጣችለት። ዱካሞ ብዕር ይዞ ቆየ። ለልጁ ሲሆን ስንት ጊዜ "አትችልም" ብሏል፤ ለራሱ ግን በጽሑፍ ብሎት አያውቅም። ሸሪኩ ሱቁን ሲወስድም ዱካሞ ያለው "ለጊዜው ነው" ነበር። ፈረመ። ፊርማው ከመስመሩ ወጣ።

የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ የመጣችው በሦስተኛው ሳምንት ነው። እስክትመጣ ድረስ ዱካሞ በር ሲንኳኳ ልጅቷን ያቅፍ ነበር። የሻሽወርቅ በበኩሏ ክፍሉን ሁለቴ አጥባ፣ ያልተጠየቀችውን መጋረጃ ሰቅላ፣ ራሷም ነጠላ ለብሳ ጠበቀቻት። ሠራተኛዋ ዘንጉን ነካካች፣ መታጠቢያውን አየች፣ ለልጅቷ መቼ መቼ ምግብ እንደሚሰጣት ጠየቀች። በመጨረሻ የጠየቀችው ከባዱን ነበር።

"እርስዎ ቢወድቁ ማን ይደርሳል?"

ዱካሞ "አልወድቅም" ሊል አፉን ከፈተ። ወዲያው የክሊኒኩ ወለል ትዝ አለው። "እወድቃለሁ" አለ። "በወር አንዴ ሁለቴ እወድቃለሁ። ግድግዳውን እደበድባለሁ፤ እትዬ የሻሽወርቅ ትመጣለች።"

"ምን ይደበድባል፣ ሲወድቅ እኔ ቤት ሳህን ይንቀጠቀጣል!" አለች የሻሽወርቅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። ሠራተኛዋ ሳቅ አመለጣትና ጻፈች። የጻፈችውን ዱካሞ እንድታነብለት ለመናት። ልጅቷ ከአባቷ ጋር ትቆይ፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሁለተኛ ዘንግ ይገባ ይላል። ድገሚልኝ አላት። ደገመችለት።

ወሬው ሀቢሶ ጋ ሲደርስ ራሱ መጣ። የሻሽወርቅ ምግብ ቤት ተቀምጦ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቃልህን አፈረስክ፣ ስሜን አጠፋህ አለ። ሁሉንም ሲሰማ ግን ቁጣው በረደ። ሃያ ዓመት ትክክል የነበረ ነገር እዚህ ላይ አለመሥራቱ አሳዝኖት ይመስላል። ወዲያው ግን ነቃ አለ።

"እንዲህ ከሆነማ ሦስተኛውን ለምን ትተዋለህ? አካል ጉዳተኛውን ሁልጊዜ የሚያስታምም ሰው ካለ ተጨማሪ አለ። የእትዬ የሻሽወርቅን ስም እንሞላለን፣ አለቀ።"

"ስሜን በአንድ ሽሮ ዋጋ የምታገኘው መሰለህ?" አለች የሻሽወርቅ። ከዚያ ወደ ዱካሞ ዞረች። "ቢሆን ክፉ አይደለም። እየው።"

ዱካሞ ወረቀቱን ተቀብሎ ቀስ ብሎ አነበበው። ኪራዩ እየጨመረ ነው፤ ዳይፐር ውድ ነው። ማንም አይፈርድበትም ነበር።

"ያለ ሌላ ሰው ቋሚ ድጋፍ መኖር አልችልም ብዬ ነው የምፈርመው?"

"ትፈርማለህ።"

"ልብሴን ራሴ እለብሳለሁ። ገላዬን እታጠባለሁ። ምግብ እሠራለሁ።"

"እሱን አትንገራቸው!"

"ጋሽ ሀቢሶ፣ የፈረምኳቸው ሁለቱ እውነት ናቸው። አሁን ማንም ቢጠይቀኝ አልፈራም። ይሄኛው ዛሬ እውነት አይደለም፤ ከፈረምኩት እንደገና በር ሲንኳኳ መደንገጥ ልጀምር ነው። የሚያስፈልገኝ ቀን ሲመጣ እኔው እመጣልሃለሁ።"

"ኬዝ ስጽፍ ሃያ ዓመቴ" አለ ሀቢሶ ወረቀቱን እያጠፈ፣ "እንዳንተ በገዛ እጁ የሚያበላሽ ሰው አላየሁም።" ሽሮውን ግን ጨርሶ፣ ሒሳቡን የሁሉንም ከፍሎ ሄደ።

የልጅቷ ግራንት በሦስተኛው ወር ተፈቀደ። የእሱ ዘግየት ብሎ መጣ፤ ተፈቅዷል፣ ለስድስት ወር ብቻ። የሻሽወርቅ ወረቀቱን ገልብጣ አየችው።

"ስድስት ወር? እስከዚያ እግርህ ይበቅላል ብለው ነው?"

ዱካሞ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ፤ ፅናትም እሱን አይታ ሳቀች። በኋላ ብቻውን ሲሆን ተከዘ። በየስድስት ወሩ ሄዶ "አልችልም" ማለት አንዴ ከማለት ይከብዳል። ሰው አንዴ ሲናገረው ይቀለዋል፤ ሲደጋግመው ራሱ እንዳያምነው ይፈራል።

ስድስቱ ወር ሲሞላ ፅናትን የሻሽወርቅ ጋ ትቶ የራሱን ግራንት ሊያሳድስ ወደ ቢሮው ሄደ። ሰው ሠራሹን እግር አላደረገም። የሱሪውን ቀኝ እግር አጥፎ በመርፌ ቁልፍ ያዘው፤ በሁለት ክራንች ታክሲ ተሳፈረ። ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ አዩት፤ ሰላም አላቸው።

በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ስለ ልጅቷ ሲመላለስ ያውቀዋል።

"ሳውቦና ባባ። ልጅቷስ? ዛሬ አልመጣችም? ያለ እሷ ፋይሏን አይከፍቱልዎትም እኮ።"

"ዛሬ ስለ እሷ አይደለም" አለ ዱካሞ። "ስለ ራሴ ነው የመጣሁት።"

ዘበኛው የታጠፈውን ሱሪ አየ፤ ከዚያ ፊቱን።

"መስኮት አራት" አለው።

ዱካሞ ክራንቹን አስተካክሎ ወደ አራተኛው መስኮት ሄደ። ከፊቱ አሥራ አንድ ሰው ነበር።